የወልወል ጉድጓዶች

የተሰጠኝ ርዕስ «ዓለም አቀፍ ሕግ ሲላላ አገር በምን ትጠበቃለች?» የሚል ነው። እኔ ግን ዕድሜዬን የፈጀሁት ወልወል ላይ ነውና ከዚያው ልነሣ።

ወልወል በኦጋዴን ያለ የውኃ ጉድጓድ ቦታ ነው። ኢጣሊያ ራሷ ባሳተመቻቸው ካርታዎች ላይ ሳይቀር ኢትዮጵያ ውስጥ ነበር። ሆኖም የኢጣሊያ ጦር በ1927 ከተነሣው ግጭት ዓመታት ቀድሞ ገብቶ ምሽግ ሠራበት። ግመሉን ነድቶ ለመጣ እረኛ መንግሥት ማለት ጉድጓዱ አፍ ላይ ቆሞ «ቅዳ» ወይም «ተመለስ» የሚለው ሰው ነው። ከመካከላችሁ የአርብቶ አደር ልጅ ካለ ይመሰክርልኛል። እኛ የወሰን ውሉን ይዘን፣ እነሱ ውኃውን ያዙ።

በኅዳር 1927 የእንግሊዝና የኢትዮጵያ የወሰን ኮሚሽን ስድስት መቶ ያህል አጃቢ ይዞ ደረሰ። የእንግሊዙ ኮሎኔል ክሊፈርድ ተቃውሞውን በጽሑፍ አቀረበና፣ ጣጣ እንዳይመጣ ብሎ አዶ ወደሚባል ቦታ ፈቀቅ አለ። አጃቢዎቻችን ግን ከጠላት ጋር ፊት ለፊት ተፋጠው ቀሩ። ኅዳር 26 ቀን ከቀትር በኋላ ተኩስ ተከፈተ፤ አውሮፕላንና ብረት ለበስ መኪና መጣባቸው። ፊታውራሪ ዓለማየሁ ጎሹ ከወደቁት አንዱ ናቸው።

አሁን እንቅልፍ የነሣኝን ነገር ልንገራችሁ። ኢትዮጵያና ኢጣሊያ በ1920 በተፈራረሙት ውል መሠረት ጉዳዩ ለግልግል ዳኞች ቀረበ። ዳኞቹ ግን ወልወል የማን እንደሆነ እንዳይመረምሩ ተከልክለው ነበር! ቦታው የማን እንደሆነ ሳይታይ እዚያ የሞተው ሰው ጉዳይ እንዴት ይዳኛል? ነሐሴ 28 ቀን 1927 ማንም ጥፋተኛ አይደለም ብለው ፈረዱ። ልክ በወሩ፣ መስከረም 22 ቀን 1928፣ የኢጣሊያ ጦር መረብን ተሻገረ። ቀደም ብሎ ለሁለቱም ወገን መሣሪያ አይሸጥም ተብሎ ነበር፤ ክልከላው የጎዳው የጦር መሣሪያ ፋብሪካ የሌላትን አገር ነበር። የመንግሥታት ማኅበር በኢጣሊያ ላይ ማዕቀብ ሲጥልም ነዳጅን አልጨመረም፤ የስዌዝም ቦይ አልተዘጋም።

ሰዓቱ እየገፋ ነው፤ ስለ ዛሬው በአጭሩ ልበል። ዩክሬን በ1994 እ.ኤ.አ. ቡዳፔስት ላይ የኑክሌር መሣሪያዋን ለመተው ተስማምታ የወሰን ዋስትና በፊርማ ተቀብላ ነበር፤ በ2014 እ.ኤ.አ. ክሪሚያን ሩሲያ ወሰደችባት። ፈራሚ ሳይጠፋ ደራሽ ጠፋ። ስለ አየር መከላከያና ስለ ተጠባባቂ ጦር የያዝኩት ማስታወሻ አለ፤ ለአዘጋጆቹ እተወዋለሁ።

አንድ ነገር ግን አጥብቄ እለምናለሁ፦ «የማን ነው?» ሲባል ማስረጃ እንዲኖረን፣ በየጠረፉ ያለ እያንዳንዱ ጉድጓድ ማን እንደቆፈረው፣ ማን እንደሚቀዳበት፣ ከየትኛው ዓመት ጀምሮ እንደሆነ ሽማግሌዎቹ በሕይወት ሳሉ ይመዝገብ። የወልወልን ካርታ እዚህ ጠረጴዛ ላይ ዘርግቼዋለሁ፤ ቀርባችሁ እዩት።