ዐሥራ ሁለት ቮልት አይናቅም

(የመኪና ሰብዉፈርን ከአምፕሊፋየር ጋር ስለ ማገናኘት ለማኅበሩ አባላት የቀረበ ንግግር)



በኤሌክትሪክ ሙያ ውስጥ ሥር የሰደደ አንድ ልማድ አለ። ይኸውም አደጋን በቮልት ብዛት ብቻ የመመዘን ልማድ ነው። የቤት መሥመር የሚዘረጋ ሠራተኛ በ220 ቮልት ፊት የሚቆመው ቆጣሪውን ዘግቶ፣ በቴስተር ፈትሾ፣ እጁንና እግሩን ከእርጥበት ጠብቆ ነው። ያው ሠራተኛ የመኪና ሥራ ባገኘ ጊዜ ግን ጥንቃቄውን በቤት ሥራው ላይ ትቶት ይመጣል። ስለ ምን ቢባል መልሱ ዘወትር አንድ ነው፤ «ዐሥራ ሁለት ቮልት ምን ይሠራል?» ይላል።

ይህ ጥያቄ እንደ ቀልድ የሚታለፍ አይደለም። ዛሬ በየጋራዡና በየመንገዱ ዳር ከሚሠሩት የመኪና የኤሌክትሪክ ሥራዎች መካከል ሰብዉፈር፣ ማለትም ወፍራሙን ድምፅ ለይቶ የሚያሰማ ትልቅ እስፒከር፣ ከአምፕሊፋየር ጋር ማገናኘት አንዱ ነው። ሥራው ቀላል ይመስላል። ሦስት ሽቦ ከአምፕሊፋየሩ፣ ሁለት ሽቦ ከእስፒከሩ ጋር ማሰር ነው። ነገር ግን በመኪና ውስጥ ባለንብረቱ ራሱ ከሚያስጨምራቸው ዕቃዎች ሁሉ ይህን ያህል ኮረንት የሚስብ ጥቂት ነው። ስለዚህ ጉዳዩ የድምፅ ማማር ጉዳይ ብቻ ሳይሆን፣ በመኪናው ውስጥ የተቀመጡ ሰዎች ደኅንነት ጉዳይ ነው።

አነስተኛ ቮልት፣ ብዙ ኮረንት

ለምሳሌ ያህል አንድ የታክሲ ባለንብረት 500 ዋት የሚያወጣ አምፕሊፋየርና አንድ ሰብዉፈር ገዝተው ወደ አንድ ባለሙያ መጡ እንበል። ባትሪው ከፊት ነው፤ አምፕሊፋየሩ ከኋላ ይቀመጣል፤ በመካከላቸው 5 ሜትር ሽቦ ያስፈልጋል። ባለንብረቱ ከቤት የተረፈ 4 ካሬ ሚሊሜትር ሽቦ ይዘው መጥተዋል። «ልጄ፣ ሽቦ ሽቦ ነው፤ ተጨማሪ ገንዘብ አታስወጣኝ። ዐሥራ ሁለት ቮልት እጅ እንኳ አይነዝርም» ይሉታል። ባለሙያውም «ጋሼ፣ እውነትዎን ነው፤ እጅ አይነዝርም። የሚያሠጋው ግን ለእጅዎ ሳይሆን ከወንበሩ ሥር ላለው ምንጣፍ ነው» ብሎ ይመልሳል።

ሁለቱም የተናገሩት እውነት ነው። ጀርመናዊው ጌኦርግ ሲሞን ኦም እ.ኤ.አ. በ1827 ባሳተመው ሥራ እንዳስረዳው፣ ኮረንት የሚለካው ቮልቱን ለተቃውሞው (ለሬዚስታንሱ) በማካፈል ነው። ደረቅ የሰው ቆዳ ብዙ ሺህ ኦም ተቃውሞ ስላለው 12 ቮልት ሊያሳልፍበት የሚችለው ኮረንት እጅግ ጥቂት ነው። መዳብና ብረት ግን የሚለኩት በሺህኛ የኦም ክፍልፋይ ነው። እጅን ያልነዘረው ያው ባትሪ በብረት በኩል መንገድ ካገኘ በመቶ የሚቆጠር አምፔር ያፈሳል። «ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ» የተባለው ለዚህም ይሆናል።

ሒሳቡ እንዲህ ነው። አሁን በብዛት የሚሸጡት «ክላስ ዲ» የሚባሉት አምፕሊፋየሮች ከሚስቡት ኃይል 80 በመቶ ያህሉን ወደ ድምፅ መሥመር ያሳልፋሉ ቢባል፣ 500 ዋት ለማውጣት 625 ዋት መሳብ አለባቸው። ሞተሩ ሲሠራ ዲናሞው 13.8 ቮልት ያህል ስለሚሰጥ፣ 625 ለ13.8 ሲካፈል 45 አምፔር ይሆናል። በአንጻሩ 3500 ዋት የሆነ የእንጀራ ምጣድ ከ220 ቮልት የሚስበው 16 አምፔር ግድም ነው። እንግዲህ ከወንበር ሥር የተሸሸገው ይህ ትንሽ ሣጥን በሙሉ ኃይሉ ሲሠራ ምጣዱ ከሚስበው ኮረንት ሦስት እጥፍ ያህል ይስባል ማለት ነው። በርግጥ ሙዚቃ ከፍና ዝቅ ስለሚል አማካዩ ከዚህ ብዙ ያንሳል። ሽቦ የሚመረጠው ግን በአማካዩ ሳይሆን ሊመጣ በሚችለው ከፍተኛ ኮረንት ነው።

የመኪና ሠሪዎች ራሳቸው ይህን የተማሩት ቀደም ብለው ነው። ብዙዎቹ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ዓመታት ከ6 ቮልት ወደ 12 ቮልት የተሻገሩበት አንዱ ምክንያት፣ ቮልቱ እጥፍ ሲሆን ለአንድ ዓይነት ኃይል የሚያስፈልገው ኮረንት በግማሽ ስለሚቀንስ ነው።

የሽቦው ውፍረት

የ1 ሜትር ርዝመትና የ1 ካሬ ሚሊሜትር ስፋት ያለው መዳብ 0.0172 ኦም ያህል ተቃውሞ አለው። ባለንብረቱ ያመጡት 4 ካሬ ሚሊሜትር ሽቦ በ5 ሜትር ርዝመት 0.0215 ኦም ይሆናል። 45 አምፔር ሲያልፍበት 1 ቮልት ያህል በመንገድ ይቀራል፤ እንግሊዛዊው ጀምስ ጁል እ.ኤ.አ. በ1841 እንዳሳየው ሙቀት በኮረንቱ ካሬ ልክ ስለሚጨምር፣ ሽቦው 43 ዋት ያህል ሙቀት ያወጣል። በ16 ካሬ ሚሊሜትር ሽቦ ግን የሚቀረው ሩብ ቮልት ገደማ፣ ሙቀቱም 11 ዋት ብቻ ነው።

በገበያ ላይ መዳብ የተለበጠ አሉሚኒየም ሽቦ መብዛቱንም ማወቅ ያስፈልጋል። የዚህ ሽቦ ተቃውሞ ከንጹሕ መዳብ በ1.6 እጥፍ ያህል ይበልጣል። ስለዚህ የግድ ካልሆነ ባይገዛ ይመረጣል፤ ከተገዛም በውፍረቱ ከፍ ያለው ይወሰዳል። ጫፉን በምላጭ ፋቅ ቢያደርጉት ከሥሩ ነጭ ብረት ብቅ ማለቱ ማንነቱን ይገልጣል። ከውጭ ያለው ወፍራም ፕላስቲክም ሊያታልል ስለሚችል መታየት ያለበት የውስጡ ብረት ነው።

ፊውዝ የሚጠብቀው ማንን ነው?

የዚህ ንግግር ዋና ነጥብ ይህ ነው። ብዙ ሰው ፊውዝ አምፕሊፋየሩን የሚጠብቅ ይመስለዋል። በአምፕሊፋየሩ ጎን ላይ የተሰካው ፊውዝ በርግጥ ሥራው እርሱ ነው። ነገር ግን ከባትሪው ተነሥቶ እስከ አምፕሊፋየሩ ድረስ ያለውን 5 ሜትር ሽቦ አይጠብቅም፤ ምክንያቱም ያለው በሽቦው መጨረሻ ላይ ነው። ሽቦው ሞተሩን ከተሳፋሪው ክፍል በሚለየው ብረት ውስጥ ሲያልፍ፣ በበር ደፍ ሥር ሲሄድ፣ ከወንበር ሐዲድ አጠገብ ሲዞር በመንቀጥቀጥ ይፋቃል። ልባሱ ተበልቶ መዳቡ የመኪናውን ቦዲ የነካ ዕለት ኮንታክት ይፈጠራል፤ ኮረንቱም ወደ አምፕሊፋየሩ ፊውዝ ሳይደርስ በቦዲው በኩል ወደ ባትሪው ይመለሳል።

በዚያን ጊዜ የሚሆነውን አስቦ ማስላት ይቻላል። የባትሪው የውስጥ ተቃውሞ 0.01 ኦም ነው እንበል፤ የ4 ካሬ ሚሊሜትሩ ሽቦ 0.0215 ነው። የንክኪው ተቃውሞ ባይቆጠር፣ 12.6 ቮልት ለ0.0315 ሲካፈል 400 አምፔር ይሆናል። ይህም በሽቦው ላይ 3440 ዋት ሙቀት ያወጣል። በሌላ አነጋገር፣ በመኪናው ምንጣፍ ሥር አንድ ሙሉ የእንጀራ ምጣድ ተጣደ ማለት ነው፤ ልዩነቱ የምጣዱ ሙቀት በሰፊ ሸክላ ላይ ሲበተን፣ የዚህኛው በቀጭን ሽቦ ላይ መሰብሰቡ ነው። የፕላስቲኩ ልባስ በጥቂት ሴኮንዶች ውስጥ ይቀልጣል፤ ምንጣፉና የወንበሩ ስፖንጅ ይከተላሉ።

ስለዚህ ዋናው ፊውዝ ከባትሪው አዎንታዊ ጫፍ በተቻለ መጠን በቅርብ፣ በዛ ቢባል ከ45 ሴንቲ ሜትር ሳይርቅ ይደረጋል። ከባትሪው እስከ ፊውዙ ያለው ቁራጭ ብቻውን ያለ ጠባቂ ስለሚቀር ባጠረ ቁጥር ይሻላል። የፊውዙ ልክ የሚወሰነውም ሽቦው ሊሸከም በሚችለው ነው። ለ16 ካሬ ሚሊሜትር የመዳብ ሽቦና ለ45 አምፔሩ ጭነት የ60 አምፔር ፊውዝ ይስማማል። ለ4 ካሬ ሚሊሜትር ግን ከ30 አምፔር ማለፍ አይገባም፤ ያም ለዚህ አምፕሊፋየር አይበቃውም። ፊውዙ ደጋግሞ ሲቃጠል ከፍ ያለ ፊውዝ መተካት፣ ወይም የመዳብ ክር ጠምዝዞ መሰካት ዘበኛውን አስሮ ለሌባ በር እንደ መክፈት ነው።

ሽቦው ብረት በሚያልፍበት ቦታ ሁሉ የጎማ ቀለበት ይገባለታል፤ በናስትሮ መጠቅለል ብቻውን አይበቃም፤ ናስትሮ በሙቀት ይለቃልና። ብረት ከመብሳት በፊትም ከበስተጀርባው የነዳጅ ቧንቧ ወይም ሌላ የሽቦ ጥቅል አለመኖሩ ይረጋገጣል።

ማሳ

መካኒኮች «ማሳ» የሚሉት የመመለሻ መሥመር ብዙ ጊዜ የሚናቀው ክፍል ነው። በአዎንታዊው ሽቦ የሄደው 45 አምፔር ሁሉ በዚሁ ስለሚመለስ ውፍረቱ ከአዎንታዊው ሽቦ ማነስ የለበትም። ርዝመቱ ቢቻል ከግማሽ ሜትር አይለፍ። የሚታሰርበት ቦታ ቀለሙ ተፍቆ ብረቱ እስኪያበራ ይጸዳል፤ በብሎን፣ በሮንዴላና በዳዶ ይጠብቃል፤ ከታሰረ በኋላም ዝገት እንዳይበላው ቅባት ወይም ቀለም ይቀባል። የደኅንነት ቀበቶ የታሰረበት ብሎን ለዚህ አገልግሎት አይውልም።

ማሳው መልካም መሆኑን በተራ ኦም መለኪያ ማወቅ አይቻልም፤ መሣሪያው የሺህኛ ክፍልፋይን በትክክል አያነብምና። ትክክለኛው መንገድ ሙዚቃው ከፍ ብሎ ሲሠራ በአምፕሊፋየሩ የማሳ ብሎንና በባትሪው አሉታዊ ጫፍ መካከል ያለውን ቮልት መለካት ነው። ከ0.1 ቮልት ብዙም ካልበለጠ ደኅና ነው፤ ግማሽ ቮልት ከሆነ ግን ማሰሪያው እንደገና ይሠራል።

ሦስተኛው ቀጭን ሽቦ ከሬዲዮው የሚመጣው የማስነሻ ሽቦ ነው። ሬዲዮው ሲጠፋ አምፕሊፋየሩም እንዲጠፋ ያደርጋል። ይህን ትቶ ማስነሻውን በቀጥታ ከባትሪ ጋር ማገናኘት ጠዋት የማይነሣ መኪና ያስረክባል። ድምፁን የሚያመጣው ገመድ ደግሞ ከኃይል ሽቦው ተለይቶ በሌላው ጎን ቢሄድ ጩኸት ይቀንሳል።

የኦም ሒሳብ

አሁን ወደ እስፒከሩ እንምጣ ቢባል፣ እዚህ የሚቃጠለው መኪናው ሳይሆን የባለንብረቱ ገንዘብ ነው። ብዙዎቹ ሰብዉፈሮች እያንዳንዳቸው 4 ኦም የሆኑ ሁለት ጥቅሎች አሏቸው። ሁለቱ በተከታታይ ሲታሰሩ 8 ኦም፣ በትይዩ ሲታሰሩ 2 ኦም ይሆናሉ። እንዲህ ያሉ ሁለት ሰብዉፈሮች ቢኖሩና አራቱም ጥቅሎች በትይዩ ቢታሰሩ ጭነቱ ወደ 1 ኦም ይወርዳል። የእያንዳንዱ ሰብዉፈር ጥቅሎች በተከታታይ፣ ሁለቱ ሰብዉፈሮች ደግሞ በትይዩ ቢታሰሩ ግን 4 ኦም ይሆናል። ከ2 ኦም በታች እንዳይጫን የተጻፈበት አምፕሊፋየር 1 ኦም ቢጫንበት ትራንዚስተሮቹ ከሚችሉት በላይ ኮረንት ያሳልፋሉ። ሁለት ቻናሎች ተጣምረው አንድ እስፒከር ሲነዱም እያንዳንዱ ቻናል የሚሰማው ጭነት ግማሹ መሆኑ አይዘነጋ፤ 4 ኦሙ ለእያንዳንዳቸው 2 ኦም ይሆናል።

እነዚህ ቁጥሮች ከማብራት በፊት በቴስተር ይረጋገጣሉ። 4 ኦም የተባለ ጥቅል በቴስተር ሲለካ አብዛኛውን ጊዜ ከ3.2 እስከ 3.6 ያህል ያነባል፤ ይህ ጉድለት አይደለም። አዎንታዊና አሉታዊ ጫፎችም አይምታቱ። ከሁለት ሰብዉፈሮች አንዱ ተገልብጦ ከታሰረ አንዱ አየሩን ሲገፋ ሌላው ይስባል፤ ወፍራሙ ድምፅም ይጠፋል። በ1.5 ቮልት ደረቅ ድንጋይ ለአፍታ ቢነኩት ቆዳው ወደ ውጭ የሚወጣበት አቅጣጫ ትክክለኛውን ጫፍ ያሳያል።

ከማስረከብ በፊት

በአምፕሊፋየሩ ላይ ያለው የማስተካከያ ቁልፍ ድምፅ መጨመሪያ አይደለም፤ ከሬዲዮው የሚመጣውን ምልክት ከአምፕሊፋየሩ አቅም ጋር ማስማሚያ ነው። አቅሙ በ2 ኦም 500 ዋት ከሆነ፣ 500 በ2 ተባዝቶ የብዜቱ ካሬ ሥር 31.6 ቮልት ነው። እስፒከሩ ተነቅሎ፣ የ50 ኸርዝ የመፈተኛ ድምፅ ተከፍቶ፣ መውጫው ከዚህ ቮልት እንዳያልፍ ቁልፉ ይስተካከላል። ከዚያ በላይ ከተጠመዘዘ የድምፁ ሞገድ ጫፉ ይቆረጣል፤ ጥቅሉም ይግላል፤ በመጨረሻም ይቃጠላል።

ሥራው ሲጀመር በመጀመሪያ የሚፈታው የባትሪው አሉታዊ ጫፍ ነው፤ ሲያበቃም በመጨረሻ የሚታሰረው እርሱ ነው። ይህ ሥርዓት የጠበቀ ባለሙያ ቁልፉ አዎንታዊውን ጫፍና ቦዲውን በአንድ ጊዜ ቢነካ እንኳ ብልጭታ አያይም።

ኢትዮጵያ በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ከከለከለች ወዲህ የኤሌክትሪክ መኪናዎች ወደ ጋራዡ መምጣታቸው ይጨምራል። እነርሱም ለሬዲዮና ለመብራት የሚያገለግል የ12 ቮልት ባትሪ ስላላቸው ከላይ የተነገረው ሁሉ ይሠራባቸዋል። ነገር ግን በብርቱካን ቀለም የተለበጡት ገመዶች በመቶ የሚቆጠር ቮልት የሚሸከሙ ናቸውና ልዩ ሥልጠና የሌለው ሰው ሊነካቸው አይገባም።

ባለሙያው ከባለንብረቱ ጋር የሚከራከረው ስለ ጥቂት ሜትር መዳብና ስለ አንድ ፊውዝ ነው። ባለንብረቱ የሚከፍሉበት ድምፅ ይሰማል፤ ፊውዙና የጎማው ቀለበት ግን ዝም ይላሉ፤ መልካም ሥራቸው የሚታወቀው ምንም ባለመሆኑ ነው። ደንበኛው ሊያየው የማይችለውን ክፍል በትክክል መሥራት የባለሙያው ኃላፊነት ነው። አነስተኛ ዋጋ ከሚጠይቀው ጎረቤት ጋር ለመወዳደር ሲል ፊውዙን የሚተው ሰው፣ የተረፈውን ገንዘብ ከተሳፋሪዎቹ ደኅንነት ላይ ቆርሶ እንደ ወሰደ ይቆጠራል። አበው «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉት ምክር በመኪና ሥራ ላይ ሲተረጎም፣ ከባትሪው አጠገብ የተቀመጠ አንድ ፊውዝ ማለት ነው።