ኮርድና የክራራችን ቅኝት
(ሮቤ ላይ በተማሪዎች ማኅበር የሙዚቃ ክበብ የተደረገ ንግግር)



ባለፈው ወር በዚሁ አዳራሽ ክራርና ጊታር አብረው ትዝታ ሲጫወቱ፣ ከጎባ የመጣው ክራር መቺ በመካከሉ እጁን አንሥቶ ዝም እንዳለ ታስታውሳላችሁ። የሳነቴ ብርድ ጣቱን ይዞት ነው ያላችሁ ነበራችሁ። ጊታሩን የያዝሁት እኔ ነበርሁና ጥፋቱ የማን እንደ ሆነ ልናገር መጥቻለሁ።

ኮርድ ማለት ቢያንስ ሦስት ድምፆች በአንድነት ሲመቱ ነው። ከዶ ተነሥታችሁ አንድ አንድ ድምፅ እየዘለላችሁ ዶ፣ ሚ፣ ሶል ብትሉ የመጀመሪያውን ኮርድ አገኛችሁ። በጊታር አንገት ላይ ከአንዱ ዘንግ እስከሚቀጥለው ያለው ርቀት ግማሽ ድምፅ ይባላል። ከዶ እስከ ሚ 4፣ ከሚ እስከ ሶል 3 ግማሽ ድምፅ ነው፤ ይህን ሜጀር ይሉታል። ላ፣ ዶ፣ ሚ ብትሉ ግን ቍጥሩ ይገለበጣል፤ ፊት 3፣ ኋላ 4። እርሱ ማይነር ነው። ሜጀር የደስታ፣ ማይነር የሐዘን ነው የሚሏችሁን ግን እምብዛም አትመኑ፤ ትዝታ በሜጀርም ያስለቅሳል።

የጊታር መማሪያ ለጀማሪ የሚሰጠው በዶ፣ በፋና በሶል ላይ የሚቆሙትን ሦስት ኮርዶች ነው። እኔም ያጠናሁት እነርሱን ነበር። ዳሩ ግን የትዝታ ሜጀር ድምፆች አምስት ብቻ ናቸው፤ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ። የፋ ኮርድ ፋ፣ ላ፣ ዶ ነው፤ የሶልም ሶል፣ ሲ፣ ሬ። ፋና ሲ ከወዴት መጡ? ክራሩ ሚን ሲመታ እኔ ፋን አጮህሁበት፤ በመካከላቸው ግማሽ ድምፅ ብቻ ስላለ ለጆሮ ሻከረ። ወንድማችን እጁን ማንሣቱ ትክክል ነበር።

ታዲያ ከአምስቱ ሳንወጣ ስንት ሜጀርና ማይነር እናገኛለን? ሁለት፤ ዶ-ሚ-ሶልና ላ-ዶ-ሚ። ባቲ ሜጀርን ዶ፣ ሚ፣ ፋ፣ ሶል፣ ሲ ብለን ብንቃኘውም ሁለት ነው፤ ዶ-ሚ-ሶልና ሚ-ሶል-ሲ። አንቺሆዬ በመነሻ ድምፁ ላይ ሜጀርም ማይነርም አያቆምምና ለጊዜው ለክራሩ እንተውለት።

ሁለት ኮርድ ድህነት ነው የሚል ይኖራል። ሙላቱ አስታጥቄ ቦስተን ድረስ ሄዶ ሙዚቃ ከተማረ በኋላ የደከመው አምስቱን ድምፅ ሳያፈርስ ከሥራቸው ሌላ ድምፅ ለማኖር ነው። እኛ ገና ከሁለቱ ላይ ነን።

ክራር መቺው ይቅር ብሎኝ ዛሬም መጥቷል። አሁን በሁለቱ ኮርድ ብቻ እንሞክረዋለን፤ ፋን የሰማችሁ እጃችሁን አንሡ።