ያረጀ ጂንስና የሰፊ እጅ



የጂንስ ሱሪ አስቀድሞ የሚበላው ጉልበቱ ላይ ነው፤ የኋላ እግሩ ግን ገና ጠንካራ ነውና መጣል አይገባውም። በሐዋሳ መሃል ከተማ ያለ ብልህ ሰፊ ስፌቱን ፈትቶ፥ ደኅናውን ከተበላው ለይቶ በወፍራም መርፌ ቢሰፋው፥ ቦርሳ፥ ሰደርያ ወይም የልጅ ጉርድ ቀሚስ ይወጣዋል። ድሩ ሰማያዊ፥ ማጉ ነጭ ስለ ሆነም፥ ጨርቁ ቢገለበጥ ሁለተኛ መልክ ይሰጣል።

በ2008 ዓ.ም. የተመረቀው የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ብዙ ወጣቶችን ከስፌት መኪና ጋር አስተዋውቋል። በ2014 ዓ.ም. አሜሪካ ኢትዮጵያን ከአጎዋ የቀረጥ ነፃ ዕድል ስታስወጣ ግን ብዙ ሠራተኞች እንጀራቸውን አጡ፤ ሙያው ግን ከእጃቸው አልጠፋም።

እንግዲህ የወር ደመወዝተኞች የሆናችሁ አድማጮች፥ አሮጌውን ሱሪ መወልወያ ከማድረጋችሁ በፊት ለእነዚህ እጆች አሳዩት። ለእናንተ አዲስ ልብስ፥ ለሰፊዋ የዕለት ጉርስ ይሆናልና።