አረጋውያን ወላጆቻችንና የመራጭነት መታወቂያ
(በሰፈራችን ማኅበር ወርኃዊ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ባለፈው ስብሰባ አንድ ወንድማችን ተነሥቶ፣ «እናቴ ከአልጋ አትወርድም፤ ካርዷን ይዤ እኔ ብመርጥላት ምን አለበት?» ሲል ጠይቆ ነበር። ብዙዎቻችንም «እውነቱን ነው» አልን። ዛሬ እንድናገር የታዘዝሁት በዚሁ ጉዳይ ነው። መልሱን አላስረዝመውም፤ አይቻልም። ልጅ ለእናቱ፣ ባል ለሚስቱ ካርድ ይዞ ሄዶ ድምፅ ሊሰጥ አይችልም።

ምሳሌው ሩቅ አይደለም፤ ጎረቤታችን ወላይታ ነው። ጥር 29 ቀን 2015 ዓ.ም. በተካሄደው ሕዝበ ውሳኔ የወላይታ ዞን ውጤት በሕግ ጥሰት ምክንያት በምርጫ ቦርድ ተሰርዞ፣ ሰኔ 12 ቀን 2015 ዓ.ም. ድምፅ እንደገና ተሰጠ። አስቡት እንግዲህ፤ ምርኩዙን ይዞ ተሰልፎ በደንቡ የመረጠው ሽማግሌም ድምፁ አብሮ ተሰረዘበት። ደንብ ሲጣስ የሚጎዳው የጣሰው ብቻ ቢሆን ኖሮ ይህን ያህል ባልተናገርሁ።

ልጆቻችሁ ውጭ አገር ያሉ ደግሞ፣ «እዚያ በፖስታ ይመረጣል» ሲባል ሰምታችኋል። ልክ ነው። በእንግሊዝ አገር የምርጫ ወረቀት በፖስታ ቤት ድረስ ይላካል። በህንድም በ2024 (በፈረንጆች አቆጣጠር) በተደረገው ምርጫ ዕድሜያቸው 85 ዓመት የሞላቸው ሰዎች ከፈለጉ ሠራተኞቹ ቤታቸው ድረስ እየመጡ ድምፅ አስሰጥተዋቸዋል። የኛ አገር ሕግ በፖስታ መምረጥን አላስገባም። ለኔ ከሆነ የህንዱ አሠራር ቢመጣልን እወዳለሁ፤ እስኪመጣ ድረስ ግን ሽማግሌው ወደ ምርጫ ጣቢያው መሄድ አለበት፤ የሚያደርሰው እኛ ነን።

አሁን ወደ መታወቂያው ልምጣ። በምርጫ አዋጅ ቁጥር 1162/2011 መሠረት መራጭ ሆኖ ለመመዝገብ ኢትዮጵያዊ መሆን፣ 18 ዓመት መሙላትና በምርጫ ክልሉ ቢያንስ 6 ወር መኖር ያስፈልጋል። ይህችን ስድስት ወር ልብ በሉልኝ። እማማን ለሕክምና ብላችሁ አዲስ አበባ እኅታችሁ ዘንድ ካስቀመጣችኋት፣ ምዝገባው የሚያገኛት የት ሆና ነው? እዚያ ሆና ለሆሳዕና መምረጥ አትችልም። እዚያው ለመመዝገብም ጊዜው ሊጎድላት ይችላል። ጉዞዋን ስታስቡ ይህንንም አስቡ።

መታወቂያ የሌለው ሰው በአካባቢው ነዋሪዎች ምስክርነት የሚመዘገብበት መንገድ አለ። ቢሆንም በዚህ መተማመን አይበጅም። ስንቱ ሽማግሌ ነው ዘመኑ ያለፈበትን፣ የድሮው ክልል ስም የታተመበትን መታወቂያ ሣጥን ውስጥ ቆልፎ የተቀመጠው! ፋይዳም የወሰዳችሁ ደግ አድርጋችኋል፤ ሆኖም ፋይዳ የዜግነት ማስረጃ አይደለምና የቀበሌውን መታወቂያ አትጣሉት።

የስም ነገርም አለ። ሰፈሩ ሁሉ በልጅዋ ስም «የእገሌ እናት» እያለ የሚጠራት ሴት በመታወቂያው ላይ ሌላ ናት። በሐዲያና በከምባታ ደግሞ ባሊሻ የሚባለውን ወግ የምታውቁ ታውቃላችሁ፤ ያገባች ሴት የአማቷን ስም፣ ከዚያም አልፎ በዚያው ድምፅ የሚጀምረውን ቃል ሁሉ አትጠራም። እንዲህ ያለችውን እናት አንድ ወጣት መዝጋቢ «የባልሽ አባት ማን ይባላል?» ብሎ ቢጠይቃት ዝም ትላለች። አላወቀችም ማለት አይደለም፤ አክብራ ነው። ስለዚህ ወረቀቱ ይናገርላት፤ ልጅ ወይም የልጅ ልጅም አብሯት ይቁም።

ልጅ ከየት ይምጣ ትሉኝ ይሆናል። የሆሳዕና፣ የሾኔ፣ የዱራሜ፣ የሺንሺቾ ስንቱ ጎረምሳ ደቡብ አፍሪካ ነው። እነሱም ቢሆኑ ከውጭ ሆነው የሚመርጡበት አሠራር ስለሌለ፣ በስልክ «ለኔም ምረጪልኝ» ማለት ዋጋ የለውም። እንግዲህ ልጅ የሌለበት ቤት የጎረቤት ልጅ ይሂድ።

በዕለቱ ምን ይሁን? ያለፈው 6ኛው ጠቅላላ ምርጫ ሰኔ 14 ቀን 2013 ዓ.ም. የዋለ ነበር። ሰኔ በኛ አገር ጭቃ መሆኑን ለናንተ አልነግራችሁም። ድምፅ መስጠት ከጠዋቱ 12 ሰዓት እስከ ምሽቱ 12 ሰዓት የተባለው፣ በየቦታው ሰልፉ ስላላለቀ ሦስት ሰዓት ተጨመረበት። ሽማግሌ እስከዚያ አይቆምም፤ መቆምም የለበትም። ለአረጋውያን፣ ለነፍሰ ጡሮችና ለአካል ጉዳተኞች ቅድሚያ ይሰጣል፤ አስተናጋጁ ካላየ እናንተ አሳዩት። ዓይኑ የደከመ፣ እጁ የሚንቀጠቀጥም ረዳት ይዞ መግባት ይችላል። ረዳቱን የሚመርጠው ግን መራጩ ራሱ ነው፤ የፓርቲ ወኪል ወይም በሩ ላይ የተገኘ ሰው አይደለም። የረዳም ሰው ያየውን አፉ ውስጥ ይያዝ። አባባ የማይወደደውን ቢመርጥ ምን ቸገረህ? ድምፁ የሱ ነው።

ለዚህ ሥራ ኮሚቴው ያሰበውን ልንገራችሁ። ከመጪው ቅዳሜ ጀምሮ ሁለት ሁለት ሆነን ከታችኛው ሰፈር እየጀመርን ቤት ለቤት እንዞራለን። አረጋዊ ባለበት ቤት መታወቂያው መኖሩን፣ መታደሱን፣ ስሙም በትክክል መጻፉን እናያለን። የቀበሌው ጽሕፈት ቤት ድረስ መሄድ ለማይችሉት ምን እንደሚደረግም እዚያው እንጠይቃለን። ባጃጅ ያላችሁ፣ ለምርጫው ዕለት ጥቂት ሰዓት የምትሰጡ፣ ስማችሁን ዛሬ ከመውጣታችሁ በፊት ለጸሐፊው አስመዝግቡ። መዝገቡ በሩ አጠገብ ጠረጴዛው ላይ ነው።