ሰንጢ ስንመርጥ ከመልኩ ሥራውን እናስቀድም
ለሞዴል አርሶ አደሮች ስልጠና የቀረበ ገለጻ



እስካሁን ስለ ምርጥ ዘር፣ ስለ ማዳበሪያ አጠቃቀምና አሲዳማ አፈርን በኖራ ስለማከም ብዙ ተነጋግረናል። የዛሬው ርዕስ ከነዚያ አንጻር ትንሽ ይመስላል። የምንነጋገረው ስለ ሰንጢ ነው፤ ታጥፎ ኪስ ውስጥ ስለሚገባው ቢላዋ። ርዕሱ ትንሽ ቢመስልም በእሱ የሚበላሸው ነገር ትንሽ እንዳልሆነ አብረን እናያለን።

1. ለምን ስለ ሰንጢ?

አንድ ቀን ከጠዋት እስከ ማታ ሰንጢያችሁን ስንት ጊዜ እንደምታወጡ ቁጠሩ። የማዳበሪያ ከረጢት ክር ይፈታበታል፤ የተጠላለፈ የከብት ገመድ ይቆረጥበታል፤ የችግኝ ፕላስቲክ ይቀደድበታል፤ የድንች ዘር ይከፈልበታል፤ የአፕል ቅርንጫፍ ይገረዝበታል። ከሞፈርና ከቀንበር ይልቅ በየዕለቱ እጃችን ላይ የሚውለው እሱ ነው።

በሬ ስንገዛ አፉን ከፍተን ጥርሱን እናያለን፤ አስነስተን እናስኬደዋለን። ለማረሻ ብረት እንመርጣለን። ሰንጢ ሲሆን ግን እጃችን ባንጸባረቀው፣ ባለቀለም እጀታ ባለው፣ አንበሳ ወይም ንስር በተሳለበት ላይ ያርፋል። «ሲያዩት ያላማረ ሲበሉት ያቅራል» ይባላል። ለማዕድ ልክ ነው። ለመሣሪያ ግን አይሠራም። ሰንጢ የሚመዘነው ቆርጦ ባለፈበት ቦታ ላይ ነው። ስለዚህ የዛሬው ገለጻ አንድ ሐሳብ ብቻ አለው፦ ሰንጢውን ሳይሆን ቁርጡን ተመልከቱ።

2. ቁርጡ ምን ይነግረናል?

ሀ. የአፕል ችግኝ ስናዳቅል። በደጋማ ቀበሌዎቻችን አፕል የሚያለሙ ይህን ያውቁታል። ሥር ያለውን ተክልና ከላይ የሚቀጠለውን ቅርንጫፍ የሚያያይዘው ከቅርፊቱ በታች ያለው ቀጭን አረንጓዴ ሽፋን ነው። ሁለቱ ሽፋኖች ሳይላቀቁ መነካካት አለባቸው። ስል ሰንጢ በአንድ ጉተታ ቀጥ ያለ፣ ለስላሳ ቁርጥ ያወጣል። ዱልዱም ሰንጢ ግን እየደጋገመ ይገዘግዛል። ቁርጡ ሞገድ ይሠራል፤ በመካከሉ አየር ይገባል፤ ቅርንጫፉ ሳይያያዝ ይደርቃል። ያን ጊዜ ችግኙን ወይም ያዳቀለውን ሰው እንወቅሳለን። ለማዳቀል የሚሠራ ሰንጢ አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ወገን ብቻ የተሳለ ነው፤ ሌላው ወገን ዝርግ ነው። ቁርጡን ቀጥ የሚያደርገው ይህ ነው። ሲታይ ግን ያልተጨረሰ ሥራ ይመስላል፤ ገበያ ላይ ብዙ ሰው ንቆት ያልፋል።

ለ. ስንገርዝ። ቅርንጫፍ በስል ሰንጢ ሲቆረጥ ቁስሉ ቶሎ ይደፈናል። ሲገነጠል ግን ቅርፊቱ ወደ ታች ይላጣል፤ ውሃ ይቋጥራል፤ ለበሽታ በር ይከፈታል። እንጅባራና አካባቢው ዝናቡ ብዙ፣ ወራቱም ረጅም ስለሆነ ይህ ለእኛ ይበልጥ ያሰጋል። ከአውራ ጣት የወፈረ ቅርንጫፍ ግን የሰንጢ ሥራ አይደለም፤ በመጋዝ ይቆረጥ።

ሐ. ችግኝ ስንተክል። ዲከረንስም ይሁን ሌላ ዛፍ በፕላስቲክ ከረጢት ከመጣ ፕላስቲኩ መውጣት አለበት። ካልወጣ ሥሩ እዚያው ይጠመጠማል። በእጅ ስንቦጭቀው ደግሞ አፈሩ ይፈርሳል፣ ቀጫጭኑ ሥር ይበጠሳል። በስል ጫፍ ከላይ ወደ ታች አንድ ጊዜ መሰንጠቅ በቂ ነው። በፋግታ ለኮማ ዲከረንስ ተክሎ ለከሰል የሚያደርስ አርሶ አደር አራትና አምስት ዓመት ይጠብቃል። በተከላው ቀን የተበጠሰ ሥር ያን ሁሉ ዓመት ይከተለዋል።

መ. የድንች ዘር ስንከፍል። ይህን በጥሞና ስሙኝ፤ ሰንጢ ትልቁን ጉዳት የሚያደርሰው እዚህ ላይ ነው። ድንችን የሚያጠወልገው የባክቴሪያ በሽታ ከአንድ የታመመ ድንች ወደ ጤነኛው በስለት ይተላለፋል። ታሞ ሳለ ላዩ ጤነኛ የሚመስል አንድ ድንች ከቆረጣችሁ በኋላ በዚያው ሰንጢ የምትቆርጡትን ሁሉ ትበክሉታላችሁ። ማሳው ሲጠወልግ ደግሞ በሽታው አፈሩ ውስጥ ይቀራል። ስለዚህ የመጀመሪያው ምክር ሰንጢውን ኪስ ውስጥ መተው ነው፤ የዶሮ እንቁላል የሚያህል ጤነኛ ዘር መርጣችሁ ሳትቆርጡ ትከሉ። የግድ መቁረጥ ካለባችሁ ሁለት ሰንጢ ያዙ። አንዱ በበረኪና ውሃ ውስጥ ተነክሮ ይቆያል፣ በሌላው ትቆርጣላችሁ፤ እየተፈራረቁ ይሠራሉ። ልኩ አንድ እጅ በረኪና ከዘጠኝ እጅ ውሃ ጋር ነው።

ሰንጢው በሽታውን ለመለየትም ይረዳችኋል። የጠወለገውን ተክል ግንድ ከሥሩ አጠገብ ቆርጣችሁ፣ የተቆረጠውን ጫፍ በንጹህ ውሃ በተሞላ ብርጭቆ ውስጥ አንጠልጥሉት። ከጥቂት ደቂቃ በኋላ እንደ ወተት የነጣ ቀጭን ክር ወደ ታች ከወረደ ባክቴሪያው አለ ማለት ነው። ወዲያው ለልማት ሠራተኛው አሳውቁ። ሰንጢውን ሳታጥቡ ወደ ሌላ ማሳ አትግቡ።

ሠ. ቆዳ ስንገፍ። በቆዳችን ዋጋ ላይ ከሚታዩት ጉድለቶች አንዱ በእርድ ጊዜ የሚደርስ የቢላዋ ጭረትና ብጥ ነው። ጫፉ የሾለ ሰንጢ የመነሻውን መስመር ለመቅደድ ይጠቅማል፤ ለመግፈፍ ግን አይሆንም። ለመግፈፍ ጫፉ የዞረ ቢላዋ ያስፈልጋል፤ የበግና የፍየል ቆዳ ደግሞ አብዛኛው በጡጫ ተገፍቶ ይላቀቃል። ጥሩ ሰንጢ አለኝ ማለት ሁሉንም በእሱ እሠራለሁ ማለት አይደለም።

3. አዋቂዎቹ ምን ይይዛሉ?

በዓለም ላይ ሰንጢ የሚወዱ፣ የሚሰበስቡ፣ ስለ ብረቱና ስለ ስለቱ ሲነጋገሩ የሚውሉ ሰዎች አሉ። ብዙዎቹ በየቀኑ ኪሳቸው የሚይዙት ግን ከስብስባቸው ውስጥ ያማረውን አይደለም። ጌጠኛው ሳጥን ውስጥ ይቀመጣል፤ ለሥራ የሚወጣው ተራው ነው።

አንድ ምሳሌ እንውሰድ። በፈረንሳይ ተራራማ አገር በሳቯይ፣ ጆሴፍ ኦፒኔል የሚባል የመሣሪያ ሠሪ ልጅ እ.ኤ.አ. በ1890 አንድ ታጣፊ ቢላዋ ሠራ። ዙሩ የተስተካከለ የእንጨት እጀታ፣ አንድ ስለት፣ አንድ የማጠፊያ ሚስማር፤ በቃ። ገዢዎቹ የአካባቢው ገበሬዎች ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1955 አንድ ነገር ተጨመረበት፤ ስለቱ ተመልሶ ጣት ላይ እንዳይዘጋ የሚያደርግ የሚዞር የብረት ቀለበት። ይህ ጭማሪ የመጣው ለጌጥ ሳይሆን ለጣት ነው። ቢላዋው ከ130 ዓመት በላይ ቆይቶ ዛሬም በዚያው መልክ ይሸጣል።

ሁለተኛው ምሳሌ የስዊዘርላንድ ጦር ነው። ካርል ኤልዝነር የተባለው ቢላዋ ሠሪ እ.ኤ.አ. በ1891 ለጦሩ ሰንጢ ማቅረብ ሲጀምር መነሻው የወታደሩ ሥራ ነበር። ወታደሩ ጠመንጃውን መፍታትና የታሸገ ምግብ መክፈት ነበረበት። ስለዚህ ሰንጢው ስለት፣ መብሻ፣ የቆርቆሮ መክፈቻና የብሎን መፍቻ ኖረው። ከሁለቱ የምንወስደው ትምህርት አንድ ነው፤ መጀመሪያ ሥራው ይጠየቃል፣ ከዚያ መሣሪያው ይሠራል። እኛም ሻጩ ፊት ከመቆማችን በፊት «በዚህ ሰንጢ የምሠራው ምንድን ነው?» ብለን ራሳችንን እንጠይቅ።

4. ገበያ ላይ ምን እናያለን?

• ስለቱ። ከመብለጭለጩ ይልቅ መሳሉን ጠይቁ። የደብተር ወረቀት ይዛችሁ ሂዱና ቁረጡ፤ ሳይቦጭቅ ካለፈ ደህና ነው። በጣታችሁ አትሞክሩ። የማይዝግ ብረት ለዝናብና ለማር ሥራ ይሻላል። የሚዝገው ብረት ደግሞ ብዙ ጊዜ በድንጋይ ቶሎ ይሳላል፤ እንክብካቤ ግን ይፈልጋል።

• ማጠፊያው። ሰንጢውን ከፍታችሁ ስለቱን በጀርባው በኩል ይዛችሁ ግራና ቀኝ ነቅንቁት። አዲስ ሆኖ የሚላወስ ሰንጢ ዓመት አይሞላውም።

• መቆለፊያው። ከተከፈተ በኋላ ስለቱ ተይዞ መቆም አለበት። መቆለፊያ የሌለው ሰንጢ ለክርና ለወረቀት ይሆናል፤ ለመውጋት ወይም ለመብሳት አትጠቀሙበት፤ በጣታችሁ ላይ ይዘጋል።

• እጀታው። በእርጥብ እጅ ይዛችሁ ሞክሩ። ያንጸባረቀ ፕላስቲክ በዝናብና በጭቃ ያንሸራትታል። መዳፍ የሚሞላ፣ ሳይልም ሳይሾልም የተሠራ እንጨት ቀላል ቢመስልም አጥብቆ ይያዛል።

• ጌጡ። ቅርጻ ቅርጽና ጎድጓዳ ጌጥ የበዛበት ሰንጢ የተክል ፈሳሽና አፈር ይይዛል፤ ስለ ድንቹ ያልነው በሽታም እዚያ ይሸሸጋል። ለመታጠብ የማይመች ሰንጢ ለእርሻ አይሆንም።

• ዋጋው። በመግዣው ብቻ አታስሉ። ለምሳሌ አንዱ ሰንጢ የሌላውን እጥፍ ቢያወጣና አራት ዓመት ቢያገለግል፣ ርካሹ ደግሞ በየዓመቱ ቢቀየር፣ በአራት ዓመት ውስጥ ለርካሹ ያወጣችሁት የውዱን ሁለት እጥፍ ነው።

እዚህ ላይ የአካባቢያችንን ቀጥቃጮች ሳላነሳ አላልፍም። ከመኪና ባሌስትራ የሚሠሩት ስለት ጥቁርና ሻካራ ቢሆንም ብረቱ ጠንካራ ነው፤ በወጉ እሳትና ውሃ ካየ ስለቱን ይይዛል። ሲላላ ማጥበቅ፣ ሲሰበር መተካትም የሚችል ሰው አጠገባችሁ አለ። የምትፈልጉትን የስለት ርዝመትና የእጀታ ውፍረት ነግራችሁ ማሠራት ትችላላችሁ። ብረት ቀጥቃጭን መናቅ የቆየ ክፉ ልማድ ነው። አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለሙያን መስደብ በአዋጅ ከልክለዋል። እስከ ዛሬ ያልጠፋ ከሆነ መጥፋት የሚጀምረው ከእናንተ ቤት ነው፤ ማረሻችሁን የሚሠራውን ሰው ሳታከብሩ ምርታችሁ አያድግም።

5. አያያዝ

ማሳያ ድንጋዩን በውሃ አርሱት። ስለቱን መጀመሪያ ቀጥ አድርጋችሁ አቁሙት፤ ከዚያ በግማሽ አዘንብሉት፤ እንደገና በግማሽ አዘንብሉት። ትክክለኛው ማዕዘን በግምት ያ ነው። በዚያው ማዕዘን ሁለቱንም ወገን እኩል ሳሉ፤ የማዳቀያው ሰንጢ ግን በአንድ ወገን ብቻ ይሳላል። መጨረሻ ላይ በቆዳ ቀበቶ ላይ ወደ ኋላ ጎትታችሁ ጨርሱ። ስለቱን በእሳት አታሙቁት፤ ጥንካሬው ይጠፋል።

ከሥራ በኋላ በውሃና በሳሙና እጠቡ፤ ማጠፊያውን በቀጭን እንጨት አጽዱ፤ አድርቁ፤ ማጠፊያው ላይ አንድ ጠብታ ዘይት ጨምሩ። በረኪና ብረት ስለሚበላ ከተነከረ በኋላ በንጹህ ውሃ መለቅለቅ አይረሳ።

ጣታችሁን ከቆረጣችሁ በንጹህ ውሃና በሳሙና አጥባችሁ ወደ ጤና ኬላ ሂዱ። አፈር የነካው ስለት መንጋጋ ቆልፍ ሊያመጣ ይችላል።

አንድ ነገር ልጨምር። ሰንጢ ሲባል ብዙ ሰው ጠብ ያስታውሳል፤ ስጋቱም ያለ ምክንያት አይደለም። የእናንተ ሰንጢ ለማሳ ነው። ወደ ስብሰባ፣ ወደ ሠርግ ወይም መጠጥ ወዳለበት ስትሄዱ ቤት ይቅር፤ ከሕፃናትም ይራቅ።

6. ከስልጠናው ስንመለስ

ሞዴል የተባላችሁት ጎረቤት እናንተን አይቶ ስለሚሠራ ነው። እናንተ የገዛችሁትን ሌላው ይገዛል። ጉብኝት ሲመጣ ተወልውሎ ግድግዳ ላይ የሚሰቀል መሣሪያ አንዳንድ ቤት እናያለን። ጎብኚ ደስ ይለው ይሆናል፤ ጎረቤት ግን ከእሱ የሚማረው የለም። እጀታው በእጅ የለሰለሰ፣ ስለቱ በመሳል ብዛት የቀጠነ ሰንጢ አሳዩት፤ ያ ብዙ ሥራ ተሠርቶበታል።

ስለዚህ በሚቀጥለው ሳምንት ሦስት ነገር እንድትሠሩ አደራ እላለሁ፦

1ኛ. ኪሳችሁ ያለውን ሰንጢ በወረቀትና በመነቅነቅ ፈትኑት፤ የሚሳለውን ሳሉ፣ የሚላወሰውን ለቀጥቃጭ ስጡ።
2ኛ. ለድንች ዘር የሚሆን ሰንጢ ለይታችሁ፣ በረኪናና ሁለት ዕቃ አዘጋጁ።
3ኛ. በሚቀጥለው ስልጠና በሰንጢያችሁ የቆረጣችሁትን አንድ የአፕል ወይም የሌላ ዛፍ ቅርንጫፍ ይዛችሁ ኑ። ሰንጢውን ማሳየት አያስፈልግም፤ ቁርጡን ጎን ለጎን አስቀምጠን እናያለን፣ የማን ሰንጢ እንደሚሻል እሱ ይነግረናል።