የፒክ አፕ ፊት ለማስተካከል ዕቃ ከመግዛታችን በፊት
(ለሞዴል አርሶ አደሮች ሥልጠና ጣርማ በር ላይ የቀረበ ንግግር)



ባለፉት ክፍለ ጊዜያት ስለ ዘር፣ ስለ ማዳበሪያና ስለ ድኅረ ምርት ብክነት ተነጋግረናል። የዛሬው ርዕስ ከእርሻ የራቀ ይመስላል፤ ግን ድንቹም ነጭ ሽንኩርቱም ገበያ የሚደርሰው በመኪና ነው። ከመካከላችሁ ለብቻችሁ ወይም ከዘመድ ጋር ገንዘብ አዋጥታችሁ ያገለገለ ፒክ አፕ የገዛችሁ አላችሁ። ለመግዛት እየቆጠባችሁ ያላችሁም አላችሁ። ስንገናኝ ደጋግማችሁ የምትጠይቁኝ ጥያቄ አለ፤ «ፊቷ ዝቅ፣ ኋላዋ ከፍ ብሏል፤ ፊቷን እናስነሳው ወይ? ምን ዕቃ እንግዛ?» ትሉኛላችሁ።

መልሴን ከመጀመሪያው ልንገራችሁ፤ ባዶዋን አይታችሁ ዕቃ አትግዙ። መጀመሪያ ለኩ፣ ከዚያ ጭናችሁ እንደገና ለኩ፣ ከዚያ ወስኑ።

የፒክ አፕ ኋላ ከፍ የሚለው ፋብሪካው ተሳስቶ አይደለም። መኪናዋ የተሠራችው ለጭነት ነው። ካሶኒው ላይ ጭነት ሲያርፍ ባሌስትራው ይተኛል፤ ኋላዋም ዝቅ ብሎ ከፊቷ ጋር ይስተካከላል። ባዶ ሳለች ፊቷን ካስነሳችኋት ግን ስትጫን አፍንጫዋ ወደ ላይ ያያል።

እኔም በዚህ ጥፋት ውስጥ አልፌያለሁ። ከወንድሜ ጋር በያዝናት አሮጌ ፒክ አፕ ላይ ፊቷን አስነሳን፤ ባዶዋን ስናያት አማረችን። አንድ ቀን ስምንት ኩንታል የዘር ድንች፣ አብዛኛውን ወደ ኋላ በር አስጠግተን ጫንን። ከዋሻው ወጥተን ወደ ደብረ ሲና ስንወርድ መሪው በእጄ ላይ ቀለለኝ። ጉም ነበር። ከፊት የሚመጣው ከባድ መኪና መብራቱን ደጋግሞ ቦግ እልም አደረገብኝ፤ ለካ የእኔ መብራት ወደ ላይ ተነሥቶ ዐይኑን እየወጋው ኖሯል። በሰላም ገባን። ብዙም ሳይቆይ የፊት ጎማዎቹ በአንድ ጠርዛቸው ተላጩ። ያወጣነው ገንዘብ ለጎማ ብቻ ቢሆን እሰየው ነው፤ በዚያ ቁልቁለት ሕይወት ልንከፍልበት እንችል ነበር።

መንገዳችንን ታውቁታላችሁ። ዋሻው ከባሕር ወለል ከ3000 ሜትር በላይ ላይ ነው፤ ሸዋ ሮቢት 1300 ሜትር ገደማ ላይ ነው። ጭናችሁ የምትወርዱት ይህን ሁሉ ነው።

አሁን ወደ ሥራው እንግባ።

አንደኛ፤ ልኬት

መኪናዋን ሜዳ ላይ አቁሙ። የጎማ ንፋስ በትክክለኛው መጠን ይሁን። ከጎማው እምብርት ቀጥ ብላችሁ እስከ ፓራፋንጎው ጠርዝ ድረስ በሜትር ለኩ። አራቱንም ጎማ ለክታችሁ ደብተር ላይ ጻፉ። ከዚያ የዘወትር ጭነታችሁን ጭናችሁ እንደገና ለኩ። ሦስት ዓይነት ውጤት ልታገኙ ትችላላችሁ።

ባዶ ሳለች ኋላዋ ከፍ ብሎ፣ ስትጫን የሚስተካከል ከሆነ ምንም አትግዙ። መኪናዋ ጤነኛ ናት።

ስትጫን ኋላዋ በጣም የሚሰምጥ ከሆነ ችግሩ ፊት ላይ አይደለም። ወይ ባሌስትራው ደክሟል ወይ ጭነቱ በዝቷል። የተፈቀደውን ክብደት መጽሐፏ ላይ ወይም በር አካባቢ ከተለጠፈው ሰሌዳ አንብቡ፤ ሰውም ይቆጠራል። አሥር ኩንታል ሽንኩርትና በአማካይ 65 ኪሎ የሚመዝኑ አምስት ሰዎች ከ13 ኩንታል በላይ ናቸው። ባሌስትራ ላይ ተጨማሪ ቅጠል ማስገባት መኪናዋን ከፍ ያደርጋታል እንጂ የተፈቀደውን ክብደት አይጨምርም። ፍሬኑ፣ አክስሉና ጎማው የቀድሞዎቹ ናቸውና።

ፊቷ ባዶዋንም በጣም ዝቅ ካለ፣ ወይም ግራና ቀኙ ከተለያየ፣ ወይም ፊቷ ላይ ከባድ የብረት መከላከያ ከተጨመረ፣ ያን ጊዜ የፊት ዕቃ መመርመር ተገቢ ነው።

ሁለተኛ፤ ዕቃ መምረጥ

መጀመሪያ መኪናችሁ ፊት ላይ ምን እንዳላት እወቁ። በፈረንጆች 2005 ገደማ ከመጣችው ቪጎ በፊት የነበሩት አንዳንድ ባለ አራት ጎማ ነጂ ሃይሉክሶች፣ እንዲሁም የመጀመሪያዎቹ ዲማክሶች ፊታቸውን የሚሸከመው ቶርሽን ባር ነው፤ ሲጠመዘዝ እንደ ሞላ የሚሠራ ረጅም ዘንግ ማለት ነው። ከቪጎ ወዲህ ያሉት ሃይሉክሶችና በ2012 ገደማ የመጡት ዲማክሶች ግን ጥቅል ሞላ አላቸው። ለአንዱ የሚሆነው ለሌላው አይሆንም።

ቶርሽን ባር በብሎን ይነሣል፤ ርካሽ ስለሆነ ብዙ ሰው ይደፍረዋል። ብሎኑን ማጥበቅ ግን ዘንጉን አያጠነክረውም፤ ክንዱ የሚቆምበትን ቦታ ብቻ ይለውጣል። ከመጠን በላይ ከተነሣ ጎማው ወደ ታች የሚዘረጋበት ቦታ ያጣል፤ ጉድጓድ ሲገጥማችሁ ይነጥራል፣ መሬት መያዝም ያቅተዋል። ማስተካከል ካስፈለገ ፊቷ በክሪክ ተነሥቶ፣ በጠንካራ ማቆሚያ ተደግፎ፣ ስንት ዙር እንደዞረ በሁለቱም በኩል ተቆጥሮ ይሠራ። የደከመ ዘንግ ሁለቱም አንድ ላይ ይቀየራል።

ጥቅል ሞላ ላላት መኪና ሁለት ምርጫ አለ። አንዱ ለመኪናዋ የፊት ክብደት የሚስማማ አዲስ ሞላ በጥንድ መቀየር ነው። ሞላው ከደከመ መድኃኒቱ ይህ ነው። ሌላው ከሞላው ራስ በላይ ስፔሰር ማስገባት ነው። ስፔሰር ከፍታ ይሰጣል፤ ለደከመ ሞላ ግን ጉልበት አይመልስለትም። ውፍረቱም አያታልላችሁ፤ ሞላው የሚያርፈው ክንዱ መካከል አካባቢ ስለሆነ 2 ሴንቲ ሜትር ስፔሰር ፊቷን ከ2 ሴንቲ ሜትር በላይ ያነሣታል። ከጎማ ቁራጭ ወይም ከእንጨት የተሠራ አትቀበሉ። ታምቆ ያለ ሞላ ሲፈታ ሰው ሊገድል ስለሚችል፣ መጭመቂያ መሣሪያ ከሌለው ሰው ዘንድ አታሠሩ፤ ቤትም አትሞክሩ።

ሾክ ደግሞ ንዝረት የሚያበርድ እንጂ ክብደት የሚሸከም አይደለም። ዘይት ካፈሰሰ ወይም መኪናዋ ከጉድጓድ በኋላ ደጋግማ ከዘለለች ቀይሩት። «ሾክ ቀይር፣ ፊቷ ይነሣል» የሚላችሁን ግን አትስሙ።

ሦስተኛ፤ ከሥራው በኋላ

ከፍታ ከተነካ ዊል አላይመንት ግዴታ ነው፤ ካልሆነ ጎማው በአንድ ጠርዙ ያልቃል። መብራቱ ዝቅ ተደርጎ ይስተካከል፤ በጉም ውስጥ ከፍ ያለ መብራት ለእናንተም ነጭ ግድግዳ ነው። የፍሬን ቱቦዎች መሪ እስከ መጨረሻው ሲዞር እንዳይወጠሩ እዩ። አንዳንድ ፒክ አፖች ኋላ ላይ እንደ ጭነቱ መጠን ፍሬን የሚመጥን ቫልቭ አላቸው፤ ኋላዋ ከፍ ከተደረገ ቫልቩ «ባዶ ናት» ብሎ የኋላ ፍሬን ይቀንሳል። ስለዚህ የኋላ ባሌስትራ ያሠራችሁ እሱንም አስተካክሉ።

አራተኛ፤ አጫጫን

ይህኛው ገንዘብ አይጠይቅም፤ ከሁሉም በላይ ግን ይጠቅማል። በፊትና በኋላ ጎማ መካከል ያለው ርቀት 3 ሜትር ያህል ነው እንበል። የአሥር ኩንታል ጭነት መካከሉ ከኋላ ጎማ እምብርት 30 ሴንቲ ሜትር ወደ ኋላ ካረፈ ከፊት ጎማዎች ላይ አንድ ኩንታል ያነሣል። 30 ሴንቲ ሜትር ወደ ጋቢናው ካስጠጋችሁት ደግሞ አንድ ኩንታል ይጨምርላቸዋል። በ60 ሴንቲ ሜትር ልዩነት ፊታችሁ ሁለት ኩንታል አገኘ ማለት ነው። መሪ የሚታዘዘውና የፊት ፍሬን የሚይዘው በዚህ ክብደት ነው። እንግዲያው ከባዱን ጆንያ ከጋቢናው አስጠጉ፤ ቀላሉ ወደ በሩ ይሁን።

ወገኖቼ፣ ለዘር የምናወጣውን ገንዘብ መሬታችንን ሳናይ አናወጣም። ለመኪናም እንዲሁ ነው። ዛሬ ቤት ስትገቡ ሜትር ያዙ፤ አራቱን ጎማ ለኩና ጻፉት። በሚቀጥለው ስንገናኝ ቁጥራችሁን ይዛችሁ ኑ፤ ማን ዕቃ መግዛት እንዳለበት፣ ማን ገንዘቡን ለማዳበሪያ ማቆየት እንዳለበት አብረን እናያለን።