ገፊ አትጠብቁ



ሞተር ሳይክል በቁልፍ አልነሳ ሲል ባለቤቱ ምን ያደርጋል? ጓደኛ ጠርቶ ያስገፋል። ይነሳል፤ ነገ ግን ያው ነው። ስንቶቻችን እንደዚህ ነን? ኮንፈረንስ ሲኖር እንነሳለን፣ አገልጋይ ሲጸልይልን እንነሳለን። ሰኞ ጠዋት ለብቻችን ስንንበረከክ ግን “ጠቅ” ብሎ ዝም!

ጥሩ መካኒክ በማስገፋት አይረካም። መጀመሪያ ባትሪውን ይለካል፤ ባትሪው ደህና ከሆነ ሞተሪኖውን ያወርዳል። አወራረዱም ሥርዓት አለው። በቅድሚያ የባትሪውን ኔጌቲቭ ገመድ ይነቅላል፤ አለዚያ መፍቻው የሞተሪኖውን ገመድና ሻሲውን አንዴ ከነካ እሳት ይረጫል። ከዚያ ገመዱን ይፈታል፣ ብሎኖቹን ያወጣል፣ በመዶሻ ሳይደበድብ በእጁ እያወዛወዘ ይስበዋል። ሲከፍተው ብዙ ጊዜ የሚያገኘው ያለቀ ካርቦንና ጥቁር ብናኝ ነው። ኃይሉ ባትሪው ውስጥ አለ፤ ያለቀው አስተላላፊው ነው።

ወገኔ፣ የእግዚአብሔርም ኃይል አላነሰም። ጳውሎስ ጢሞቴዎስን የመከረው (2ኛ ጢሞ. 1፥6) ስጦታ ስላልነበረው አይደለም፤ ያለውን እንዲያነሳሳ ነው።

እናንተም ሥራችሁን አቁሙ፣ ስልኩን ዝጉ፣ በጌታ ፊት ጸጥ በሉ። ከዚያ የተደበቀውን አውጡት። ይቅር ያላላችሁት ሰው አለ? ሳትከፍቱት የከረመ መጽሐፍ ቅዱስ አለ? አትሸፋፍኑት። ጌታ የደከመውን አይጥልም፤ ጠርጎና አድሶ ወደ ቦታው ይመልሳል።

ዛሬ ማታ ገፊ አትጠብቁ፤ ተንበርከኩ። ጌታ ይባርካችሁ።